ስለማይጋለብ ፈረስ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ወጪና ስለ ባልና ሚስት ምክክር በየጊዜው ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የማነሣው ነገር በብዙ ቤት ውስጥ የሚገኝ፥ ነገር ግን የቤቱ ጌታ እንዲነሣበት የማይወደው ነገር ነው። ይኸውም ብዙ ገንዘብ የወጣበት፥ ብዙ ፍቅርም ያደረበት፥ በዓመት ውስጥ ግን ከጥቂት ቀን በቀር የማይሠራበት ንብረት ነው። በአንዱ ቤት ጠመንጃ ይሆናል፤ በሌላው ቤት በቅሎ ይሆናል፤ በእኔ ቤት ፈረስ ነበረ፤ በእኅቴ ልጅ ቤት ደግሞ አውቶሞቢል ሆኖ ተገኘ። ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ብቻዬን ፈትቼው ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ ባልደፈርሁም ነበር፤ ዳሩ ግን ጥያቄውን ያመጣልኝ ወጣት ነው፥ የፈታችልኝም ባለቤቴ ናት፤ እኔ በፍርድ ቤት እንደ ልማዴ ጸሐፊው ብቻ ነኝ።

የእኅቴ ልጅ በጀርመን አገር በሥራ ላይ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። ባለፈው ኅዳር ወደ አገር በሚመጣ ሰው እጅ ደብዳቤ ላከልኝ። ከሰላምታው በኋላ ቃሉ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ጋሼ፥ አንድ ምክር ፈልጌ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ ማዝዳ ገዝቼ ለእሽቅድምድም ሜዳ እንድትሆን አድርጌ አሠርቻት ነበር። ልጅ ከወለድን ወዲህ ግን በዓመት ሁለት ቀን እንኳ አልነዳኋትም። ባለቤቴ ትሸጥ ትላለች፤ እኔ ግን እጄ አልታዘዘልኝም። እርስዎ የሰው ክርክር ሲሰሙ የሚውሉ ነዎትና ፍርዱን ይስጡን።»

ይህን ልማድ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ልግለጽ። በዚያ አገር ሰው በተራ መንገድ ላይ እንደ ልቡ ቢፈጥን ይቀጣል። ስለዚህ መፍጠን የሚወድ ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ፥ ለእሽቅድምድም በተሠራ መንገድ ላይ በተወሰነ ቀን ይነዳል። በጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ የሚባለው፥ በ1919 ዓ.ም. የተከፈተውና የሰሜኑ ዙሪያ ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው መንገድ በዚህ የታወቀ ነው። የእኅቴ ልጅ መኪናም ለዚሁ ስትባል ተለውጣለች፤ ወንበሯ ሰውነትን ጠፍሮ በሚይዝ ወንበር ተተክቷል፤ ብትገለበጥ ነጂው እንዳይጨፈለቅ በውስጧ የብረት አጥር ቆሞላታል፤ ቁመቷ ዝቅ ብሏል፤ ፍሬኗ በርትቷል፤ ጎማዋም ለዚያ መንገድ የተለየ ነው። ይህ ሁሉ ሲደረግ መኪናዪቱ ለሜዳው ተሻለች፤ ለገበያ መሄጃና ልጅ ለማሳፈሪያ ግን የማትመች ሆነች።

እኔም ወዲያው ብዕሬን አንሥቼ «ልጄ ሆይ፥ ሽጣት» ብዬ መጻፍ ጀመርሁ። ምክንያቱንም በተራ ቈጠርሁ፤ አትነዳም፤ ቦታ ትይዛለች፤ ገንዘብ ትበላለች፤ ሚስትህ አልወደደቻትም። አራተኛውን ምክንያት ጽፌ ሳልጨርስ ፈረሴ ከጓሮ የጋጣውን ግንብ በሰኮናው ሲመታ ተሰማ። ባለቤቴ ደብዳቤውን ሳነብላት ሰምታ ነበርና ቡናውን እየቀዳች ፈገግ አለች፤ ምንም ግን አልተናገረችም። እኔም ብዕሬን አስቀመጥሁ። ጀርመን አገር ድረስ አሻግሮ ያየው ዓይኔ በጓሮዬ የቆመውን ሰባት ዓመት ሙሉ አላየም ነበር።

የፈረሴ ስም ዳማ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከመልኩ ነው። አባቴ በጉና ተራራ ሥር በፋርጣ አገር የኖረ ባላገር ሲሆን፥ ጥር 25 ቀን በደብረ ታቦር በሚከበረው በቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ጉግስ ከሚጫወቱት ፈረሰኞች አንዱ ነበረ። ጉግስን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ወገን ጋሻውን በጀርባው አዙሮ ይሸሻል፥ ሌላው ወገን ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል፤ ቀጥሎም ተራው ይለወጣል። በዚያ ጨዋታ ፈረሱ የፈረሰኛውን አሳብ ከቃሉ በፊት ካላወቀ ጋሻም አያድንም። ዳማን አባቴ ራሱ ገርቶ አሠልጥኖታል። በሚሞትበትም ጊዜ ልጓሙን በእጄ አስይዞ «ዳማ ከሜዳ እንዳይጠፋ» ብሎ አደራ ሰጠኝ። እኔም አደራውን ተቀብዬ፥ ፈረሱን ከነኮርቻው ወደ ወረታ አወረድሁት።

በአገራችን ፈረስ ከከብት ሁሉ የተለየ ክብር እንዳለው ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገር አያሻም። ታላላቆቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። ምንም እንኳ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ዳግማዊ ምኒልክ ቢሳፈሩበት፥ አባ ዳኘው መባላቸው አልቀረም። ስለዚህ ፈረስ መሸጥ ለብዙ ሰው ከብት እንደ መሸጥ አይቈጠርም፤ ስምን ለገበያ እንደ ማውጣት ያስፈራል። እኔንም ያስፈራኝ ይኸው ነበር። ጎረቤት «የእገሌ ልጅ የአባቱን ፈረስ ሸጠ» ይለኛል እያልሁ፥ ነገሩን ከማሰብ ስሸሽ ኖርሁ።

ነገር ግን ቦታው ራሱ ከእኔ ጋር አልተስማማም። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ብርዳማ ተራራ ነው፤ የፎገራ ሜዳ ደግሞ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ረግረግ ነው። ቀድሞ ይህ ሜዳ የግጦሽ አገር ነበረ፤ ረግረጉን የለመደው በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የበቀለው በዚሁ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዝ በዚህ ውሃ በተኛበት መሬት ሊበቅል እንደሚችል ካመለከቱ ወዲህ ግን፥ ከጥቂት ማኅበር እርሻ የተጀመረው ዘር ሜዳውን ሁሉ እየወረሰው መጣ። ዛሬ በወረታ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል ቆሟል፤ ሩዝ ለወጥ ብቻ ሳይሆን ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ለእንጀራም ይሆናል። ይህ ለአገሩ ትልቅ በረከት ነው፤ ብዙ ድሃ በሩዝ ቤት ሠርቷል፥ ልጅም አስተምሯል። ለከብቱና ለፈረሱ ግን ሜዳው ጠበበ። አበው ሰውን ለመፈተን ሲሹ «ፈረሱም ይኸው፥ ሜዳውም ይኸው» ይላሉ፤ በእኔ ቤት ፈረሱ ይኸው ነበረ፥ ሜዳው ግን ሩዝ ሆኗል።

በዚያን ሌሊት፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ በተማርሁበት አኳኋን፥ አንድ ወረቀት ወስጄ በመካከሉ መስመር አሰመርሁ። በግራው ዳማ በዓመቱ የበላውን፥ በቀኙ በዓመቱ የተጋለበበትን ቀን ጻፍሁ። ገብሱ በቀን ሁለት ኪሎ ቢሆን በዓመት 730 ኪሎ፥ ማለት ከሰባት ኩንታል ይበልጣል። ድርቆሹና ገለባው፥ የጠባቂው ልጅ ደመወዝ፥ መድኃኒቱም ከዚህ ውጭ ነው። በቀኙ በኩል ስጽፍ ግን እጄ ቶሎ ቆመ። ለጥምቀት ሁለት ቀን፥ ለአንድ ወዳጄ ልጅ ሠርግ አንድ ቀን፥ እንዲሁ ልቤን ደስ ብሎት ሁለት ቀን፤ ጠቅላላው አምስት ቀን ነው። ወደ ደብረ ታቦር እንዳልወጣ መንገዱ የማይታመንበት ወራት ሆኖ ሁለት ዓመት አልፏል። ሰባት መቶ ሠላሳውን ለአምስት ባካፍለው፥ ለአንድ ቀን ግልቢያ 146 ኪሎ ገብስ ደረሰ። በፍርድ ቤት ስንት የሒሳብ ክርክር ስጽፍ ኖሬ እንዲህ ያለ ሒሳብ አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴን ጠርቼ ወረቀቱን አሳየኋት። ስትቀበለኝ ክንዷ ባዶ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። እናቷ የሰጠቻት የብር አምባር የለም። «አምባርሽ የት አለ?» ብዬ ብጠይቃት፥ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፤ «ባሕር ዳር ላለችው ልጃችን የቤት ኪራይ የሁለት ወር ዕዳ ነበረባት። ለአንቱ እንዳልነግር አደራ ብላኝ ነበር፤ አምባሩን በመያዣ አስይዤ ላክሁላት» አለችኝ። እኔም «ስለምን አልነገርሽኝም?» አልሁ። እርሷም «ብነግርዎ ገብሱን ይቀንሳሉ፥ ዳማንም ባዩት ቍጥር ያዝናሉ ብዬ ነው» ብላ መለሰች።

ክቡራን አንባብያን፤ ሕግ ለሚያውቅ ሰው በዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። በቤተሰብ ሕጋችን አንዱ ተጋቢ በውርስ ያገኘው ንብረት የግሉ ነው፤ ስለዚህ ዳማ የእኔ የግል ንብረት ነበረ፥ ማንም ሽጥ ብሎ ሊያስገድደኝ አይችልም። ደመወዜ ግን የሁለታችን የጋራ ሀብት ነው፤ ገብሱም የሚገዛው ከደመወዝ ነው። ፈረሱ የእኔ፥ የሚበላው ገብስ ግን የእርሷና የልጆቿ ነበረ ማለት ነው። አምባሩ ደግሞ ከእናቷ የመጣ የግሏ ነበረ። እርሷ የግሏን ለጋራ ልጃችን አሳልፋ ስትሰጥ፥ እኔ የጋራውን ለግሌ ፈረስ አበላ ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ዳኛ የለም፤ ባዶ ክንዷ ግን በቂ ምስክር ሆነብኝ።

እንዲህም ሆኖ የአባቴ አደራ አልለቀቀኝም። «ከሜዳ እንዳይጠፋ ብሎኛልና እንዴት እሸጠዋለሁ?» አልኋት። ባለቤቴም ጥቂት አስባ፥ «አባትዎ ከሜዳ እንዳይጠፋ አሉ እንጂ ከጋጣ እንዳይወጣ አላሉም። ከሜዳስ ከጠፋ ሰባት ዓመቱ ነው» አለችኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ እኔ የወረቀት ሰው ሆኜ ሳለሁ የአደራውን ቃል እንኳ በትክክል ሳላነብ ኖሬአለሁ።

ፈረስ አወቅን የሚሉት ሰዎች የሚነግሩን አንድ እውነት አለ፤ ሥራ የፈታ ፈረስ አረፈ አይባልም። እህል እየበላ የማይንቀሳቀስ ፈረስ ሆዱን ይታመማል፥ ሰኮናው በእሳት እንደ ተቃጠለ ሆኖ ያነክሳል፥ በእርጥብ ጋጣም የሰኮናው ውስጥ ይበሰብሳል። በዝቅተኛና ረግረግ አገር ደግሞ ከክረምት መውጫ ጋር የፈረስ በሽታ የሚባለው ብርቱ ሕመም ይመጣል። ይህን በሽታ የሚያመላልሱት ከምሽት እስከ ንጋት የሚናከሱ ጥቃቅን ትንኞች ናቸው፤ ከያዘ በኋላ የሚፈውስ መድኃኒት የለውም፥ ከመያዙ በፊት ግን ክትባትና ሌሊት በተዘጋ ጋጣ ማሳደር ይጠብቃሉ። በቅሎ ትሻላለች፥ አህያም ከሁሉ ይልቅ ትቋቋመዋለች፤ ፈረስ ግን ቶሎ ይወድቃል። ባለፈው መስከረም የአንድ ጎረቤቴ ፈረስ ትናንት ቆሞ ዛሬ ሞቶ አደረ። ዳማን ለሥራ ሳይሆን ለመታሰቢያ ያስቀመጥሁት እኔ፥ በየመስከረሙ ለዚህ አደጋ አጋልጬው ኖሬአለሁ።

የእኅቴ ልጅ መኪናም ከዚህ የራቀች አይደለችም። አውቶሞቢል ስለቆመ አያረጅም ማለት ስሕተት ነው። ጎማው ሳይነዳም ከዕድሜው ብዛት ይደርቃል፤ ባትሪው ይደክማል፤ ቤንዚኑ ይበላሻል፤ የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ስለሚሄድ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መለወጥ አለበት። በዚያ አገር ተራ መኪና በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ የተለወጠው ክፍል ሁሉ በሕግ የተፈቀደና የተመዘገበ ካልሆነም በመንገድ ላይ መሄድ አይችልም። ተራው ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በእሽቅድምድም ሜዳ ለሚደርስ ጉዳት አይከፍልም። ለለውጡ የወጣው ገንዘብም በሽያጭ ጊዜ በሙሉ አይመለስም፤ ገዢ ሌላው ሰው ለራሱ ደስታ ያደረገውን በዋጋው አይቈጥርለትምና። እንግዲህ ያለ ሥራ የተቀመጠ ነገር እንዲሁ ተቀምጦ የሚቆይ ይመስለናል እንጂ፥ በእውነቱ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየወጣ የሚያልቅ ነው።

በታኅሣሥ ወር ዳማን የሚገዛ መፈለጌ ተሰማና ሁለት ሰዎች መጡ። የመጀመሪያው በሌላ ከተማ ጋሪ የሚነዳ ሰው ነበረ። ብዙ ገንዘብ ጠራ። የጋሪ ሥራ ነውር የለበትም፤ ሰውየውም ልጆቹን በላቡ የሚያሳድግ ጨዋ ሰው ነው። ነገር ግን ዳማ ጋሪ ለምዶ አያውቅም፤ በግራ የፊት እግሩም አሮጌ ጉዳት አለበት፤ ቀኑን ሙሉ በአስፋልት ላይ ጭነት ቢጐትት ዓመት እንደማይዘልቅ አውቃለሁ። ሁለተኛው ከአዊ አገር፥ ከእንጅባራ አካባቢ የመጣ ወጣት ነበረ። እርሱ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው። ይህ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ ፈረሶች በዐድዋና በአርበኝነት ዘመን ለአገር የዋሉትን ውለታ እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። አገሩም ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ያለው ቀዝቃዛ ደጋ ነው። ወጣቱ የጠራው ገንዘብ ግን ጋሪ ነጂው ከጠራው በአንድ አራተኛ ያነሰ ነበረ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር፥ ልቤ ወደ ሁለት ተከፈለ። የተረፈው አንድ አራተኛ ለልጃችን የአራት ወር ኪራይ ነው። ለፈረስ አዝኖ በልጅ ላይ መጨከን ደግሞ ሌላ ስሕተት መስሎ ታየኝ። ፍርዱንም ለባለቤቴ ሰጠኋት። እርሷም «በትንሹ ዋጋ አምባሬም ይወጣል፥ የልጅቷም የዓመቱ ኪራይ ይከፈላል። የሚያስፈልገንን ካገኘን፥ የቀረው ዳማ አባትዎን ላገለገለበት ይሁን» አለች። እንዲሁም ሆነ። ነገር ግን አንባብያን ልብ ይበሉ፤ ኪራዩ በትንሹ ዋጋ የማይሸፈን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ልጅ ከፈረስ ትቀድማለችና።

በሽያጩ ላይ አንድ የሥራዬ ነገር ልጨምር። በፍርድ ቤት ስለ ከብት ሽያጭ የሚመጣው ክርክር አብዛኛው ከዋጋ የተነሣ አይደለም፤ ከተደበቀ ጉድለት የተነሣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ እያወቀ በተንኰል የደበቀ ሻጭም «ኃላፊነት የለብኝም» ብሎ በውል ላይ ቢጽፍ አያመልጥበትም። ገዢም በበኩሉ የገዛውን ቶሎ መርምሮ ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ የዳማን እግር በእጄ አንሥቼ ለወጣቱ አሳየሁት፤ ረጅም ቍልቍለት ሲወርድ እንደሚያነክስም ነገርሁት፤ ይህንኑም በውሉ ላይ ጻፍሁ። ወጣቱ ዋጋውን ይቀንሳል ብዬ ስጠብቅ፥ «ያልነገሩኝ ቢሆን ኖሮ ከመንገድ እመልሰው ነበር» ብሎ በተነጋገርነው ዋጋ ተቀበለኝ።

በመሸኛው ዕለት ኮርቻውን ልሰውር አሰብሁ። እርካቡ አባቴ እግሩን ያሳረፈበት ነው፤ ግላሱም በእናቴ እጅ የተጠለፈ ነው። ነገር ግን ኮርቻው የተሠራው በዳማ ጀርባ ልክ ስለሆነ፥ ሌላ ኮርቻ ቢጫንበት ይልጠዋል። ግላሱን ብቻ አስቀርቼ ኮርቻውን ከነልጓሙ ሰጠሁ። ፈረሱ ከበር ሲወጣ ዞር ብሎ አላየኝም፤ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ መንገዱን ያይ ነበር። በመጀመሪያ ይህ ቅር አሰኘኝ፤ በኋላ ግን መልሱ ይኸው እንደሆነ ተረዳሁ። በዚያ ሌሊት የጋጣው ግንብ ሲመታ ስላልሰማሁ እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ አደርሁ። ይህንንም የምጽፈው ማንም ሰው ትክክል የሆነ ነገር ካደረገ በኋላ አያዝንም ብሎ እንዳያስብ ነው።

ከዚህ በኋላ ለእኅቴ ልጅ የጀመርሁትን ደብዳቤ ቀድጄ ሌላ ጻፍሁለት። «ሽጥ» ወይም «አትሽጥ» አላልሁትም፤ አራት ጥያቄ ብቻ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ እንዲመልስ ለመንሁት። መጀመሪያ፥ ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ነዳሃት? የምትነዳትን ሳይሆን የነዳሃትን ቍጠር። ሁለተኛ፥ የዓመቱን ወጪ ለእነዚያ ቀኖች ብታካፍለው የአንዱ ቀን ዋጋ ስንት ይሆናል? ያን ያህል ከፍለህ የሌላ ሰው መኪና ለአንድ ቀን ትከራይ ነበርን? ሦስተኛ፥ ያ ገንዘብ የሚወጣው ከማን ድርሻ ነው? በቤትህ ውስጥ ሳትጠይቅህ አምባሯን ያስያዘች አለችን? አራተኛ፥ የምትወደው መኪናዪቱን ነው ወይስ እርሷን ስትነዳ የነበርኸውን ሰው? መኪናዪቱን ከሆነ ለሥራዋ አውላት፤ ያን ሰው ከሆነ ግን በጋራዥ ውስጥ አታገኘውም። ደግሞም ብትሸጥ፥ ያወጣሃቸውን የፊተኞቹን ዕቃዎች አስቀምጠህ እንደሆነ መልሰህ ግጠምና የእሽቅድምድሙን ዕቃ ለብቻ ሽጠው፤ የተለወጠውንና የተጐዳውን ሁሉ በጽሑፍ ለገዢው ግለጽ፤ ብዬ ጨመርሁበት።

መልሱ ከጥምቀት በኋላ በስልክ መጣ። አንባብያን ሸጣት ብለው ይጠብቁ ይሆናል፤ እርሱ ግን አልሸጣትም። ጥያቄዎቹን ከሚስቱ ጋር ሲመልስ፥ ሚስቱ የጠላችው መኪናዪቱን ሳይሆን ቆማ መቅረቷንና ስለ እርሷ የሚወጣው ገንዘብ መሰወሩን እንደሆነ ነገረችው። ስለዚህ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ወጪውንም ቀኑንም እኩል ተካፈሉ፤ በዓመት ስምንት ቀን ለሁለት ሊነዷት፥ ከስምንት ቀን ካነሰም በዓመቱ መጨረሻ ሊሸጧት ተስማሙ። እኔም ደስ ብሎኝ አንድ ምክር ብቻ ሰጠሁት፤ ወዳጅነት ሳይበላሽ ውሉ በወረቀት ይጻፍ፤ ማን ሲነዳ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል፥ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው በምን ዋጋ እንደሚገመት አስቀድሞ ይወሰን አልሁት። የጋራ ንብረት ያጣላቸው ወዳጆች ስንት እንደሆኑ በየቀኑ በመዝገብ አያለሁና።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ በሁለት ቤት ሁለት መልስ አገኘ፤ ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ተስማሙ። በአንዱም ቤት ንብረቱ ሥራ ፈትቶ አልቀረም። ክቡራን አንባብያን፤ በቤታችሁ በግድግዳ ላይ፥ በጋጣ ወይም በጋራዥ የቆመ ነገር ቢኖር፥ በዚህ ሰንበት ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ወረቀቱን በመካከሉ አስምሩት። በቀኙ በኩል ያለው ቀን ብዙ ከሆነ፥ ያለ ሐፍረት አስቀምጡት፤ የሰው ቤት ያለ ደስታ አይጸናምና። ቀኑ ጥቂት ከሆነ ግን ወደ ሜዳው መልሱት፤ ወይም ወደ ሜዳ ለሚያወጣው ሰው አሳልፋችሁ ስጡት። ከሁሉ አስቀድማችሁም የሚስቶቻችሁን ክንድ ተመልከቱ።

ጥር 23 ቀን ያ ወጣት ፎቶግራፍ በስልክ ላከልኝ። በብዙ ፈረሰኛ መካከል ዳማ አንገቱን ቀልሶ፥ አቧራውን ከኋላው ጥሎ ይጋልባል። ፎቶግራፉን ለባለቤቴ ሳሳያት ስልኩን የተቀበለችኝ አምባሯ ባለበት እጇ ነበረ። ብዙ ጊዜ ተመልክታው፤ «አባትዎ ቢያዩት ኖሮ፥ አደራዬን ጠበቅህ ይሉዎት ነበር» አለችኝ።